አዳራሹ ይቆየን

ልጄ፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ካምፕ የማሻሻያ ኮሚቴ መመረጥሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት እዚሁ ሲያትል በሕንጻ ጥገና ሥራ ነው፤ ጣሪያ ላይ ወጥቼ፣ ወለል ሥር ተንበርክኬ ሕንጻ ከየት ከየት እንደሚታመም አይቻለሁ። ከኖርዝጌት ሰፈራችን በአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ነድተን የምንደርስበት ያ የጫካ ግቢ ምን እንደሚሠራልን ላንቺ አይነገርም፤ አማርኛን ሳትፈሪ መናገር የጀመርሽው እዚያ ነው። ልጆች ከአያቶቻቸው ጋር የሚያድሩበት፣ ታክሲ ነጂውና ነርሷ ከፈረቃ ወጥተው ሁለት ቀን ሱባዔ የሚይዙበት ሌላ ቦታ የለንም። ስለዚህ የማውቀውን በተራ ልንገርሽ፤ አንቺም የሚጠቅምሽን ያዢ።

1. አዳራሹን አታስቀድሚ።

በመጀመሪያው ስብሰባ ሁሉም ስለ አዲስ አዳራሽ ያወራል። መስታወቱ፣ መድረኩ፣ የድምፅ መሣሪያው ይዘረዘራል። ለአዳራሽ ገንዘብ የሚሰጥም አይጠፋም፤ ስሙ በር ላይ ይጻፍለታል። በሴፕቲክ ታንክ ላይ ስሜ ይጻፍልኝ ያለ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ካምፑ ስንት ሰው ማሳደር እንደሚችል የሚወስነው ግን ያ ታንክና ፍሳሹ የሚሰርግበት መሬት ነው።

አሠራሩን እወቂው። ጫካ ውስጥ የከተማ ፍሳሽ መስመር የለም። የሽንት ቤቱ፣ የሻወሩና የወጥ ቤቱ ውሃ ሁሉ ወደ ታንኩ ይገባል፤ ከባዱ ነገር ከታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መካከለኛው ውሃ በተበሱ ቱቦዎች አልፎ ወደ ፍሳሹ መስክ ይሰርጋል። አፈሩ ነው የሚያጣራው። ሰው ሲበዛ አፈሩ ይጠግብና ውሃው ወይ ሣሩ ላይ ይወጣል ወይ ዝቅ ባለው መጸዳጃ ቤት በኩል ይመለሳል። በዋሽንግተን ግዛት በቀን ከ3,500 ጋሎን በታች የሚያስተናግድ ሥርዓት የሚታየው በካውንቲው ጤና ቢሮ ነው። ከ3,500 እስከ 100,000 ጋሎን ያለውን የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት ራሱ ይቆጣጠረዋል። ለአንድ አዳሪ በቀን 40 ጋሎን ቢታሰብ፣ 88ኛው ሰው ሲመጣ ድንበሩን ተሻገርሽ ማለት ነው። ያን ጊዜ መሐንዲሱ ሌላ፣ ማመልከቻው ሌላ፣ ወጪውና የሚወስደው ጊዜም ሌላ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። «አዳራሹ እዚህ ይሁን» እያለ ሰው ሁሉ የሚጠቁመው ያ ለጥ ያለ፣ ዛፍ የሌለው ሣር ብዙ ጊዜ የፍሳሹ መስክ ነው። ዛፍ ያልተተከለበትም ሥሩ ቱቦውን እንዳይበጥሰው ተብሎ ነው። በላዩ ቤት አይሠራም፣ መኪና አይቆምም። መስኩ አንድ ቀን ሲደክም የሚተካበት ትርፍ መሬትም እንዲኖር ደንቡ ይጠይቃል፤ እሱንም በሥዕሉ ላይ ከልለሽ አስቀምጪው።

2. የውሃውን ሕግ ከቀን መቁጠሪያው ጋር አያይዘሽ እዪ።

የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ካምፕ በዓመት 60 ቀን ወይም ከዚያ በላይ፣ በቀን 25 ሰው ወይም ከዚያ በላይ የሚያጠጣ ከሆነ በዚህ ግዛት «ግሩፕ ኤ» ከሚባሉት የሕዝብ ውሃ ሥርዓቶች ይመደባል፤ ምርመራውም ቁጥጥሩም ይጠብቃል። ከዚያ በታች ያለው አነስተኛ ሥርዓት «ግሩፕ ቢ» ነው። ኮሚቴው «ገቢ እንዲኖረን በብርዱ ወራትም ለሌሎች እናከራየው» ሲል ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ቅዳሜና እሁዶቹ ተደምረው 60 ሲያልፉ ግን አንድ ጡብ ሳይጨመር የውሃው ግዴታ ይለወጣል። ያለፉትን ዓመታት የእንግዳ መዝገብ አውጥተሽ ቀኖቹን ቁጠሪ። ይህን የሚያህል ጠቃሚ ሥራ በስብሰባ አይገኝም።

3. ከመሬት በታች ያለውን በካርታ አግኚ።

የታንኩንና የመስኩን ሥዕል ከካውንቲው ጤና ቢሮ ጠይቂ። ማንም አካፋ ከማንሳቱ በፊት ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ቀድመሽ 811 ደውዪ፤ የኩባንያዎቹን የኤሌክትሪክና የጋዝ መስመር በነጻ ምልክት ያደርጉልሻል። ካምፑ በራሱ የቀበረውን ሽቦና ቱቦ ግን አያውቁትም። የግቢውን ጠባቂ ይዘሽ እየዞርሽ የሚያስታውሰውን ሁሉ በወረቀት አስፍሪ፤ የብዙ ካምፕ ካርታ ያለው በአንድ ሽማግሌ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

4. ወጥ ቤቱን ከሚያበስሉት እናቶች ጋር ሆነሽ አቅጂ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አርክቴክቱ የሚያመጣልሽ ወጥ ቤት ለሀምበርገርና ለሰላጣ የታሰበ ነው። የኛ ሴቶች ደግሞ ዓርብ ማታ ሽንኩርት ሲከትፉ አምሽተው ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ምጣድ ይጥዳሉ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 1,500 ዋት ይፈልጋል፤ በ120 ቮልት ሲሰላ 12 ተኩል አምፒር ነው። የወጥ ቤቱ መስመር አብዛኛውን ጊዜ 20 አምፒር ብቻ ነው የሚችለው። ሁለተኛው ምጣድ እዚያው ሲሰካ 25 ይሆንና ብሬከሩ ይወርዳል፤ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ምን ይደረጋል? ከመኝታ ክፍሉ ኤክስቴንሽን ይጎተታል፣ ገመዱ ምንጣፍ ሥር ያልፋል፣ ይግላል። እሳት የሚነሣው እንዲህ ነው። ስለዚህ ለየምጣዱ ለብቻው የተዘረጋ መስመር፣ ለብቻው ብሬከር ይኑረው፤ ሶኬቱም ላይ «ምጣድ» ተብሎ ይጻፍበት። ከዚያ በፊት ዋናው ፓነል ይህን ጭነት መቻሉን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ያስላው።

ቅባቱም አለ። የቅቤና የዘይት እጣቢ ሙቅ ሆኖ ይወርዳል፣ ቱቦ ውስጥ ሲደርስ ይረጋል፤ ካለፈም መስኩን ይደፍነዋል። ከማጠቢያው በኋላ የቅባት ማጥመጃ ይግባ፤ በየስንት ጊዜው እንደሚጸዳና ማን እንደሚያጸዳውም አብሮ ይወሰን። የሊጥ እጣቢና የቡና አተላ ወደ ማጠቢያው የማይደፋበት ባልዲ ከሥሩ ይቀመጥ።

ቡናውስ? ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ሰው ተሰላችቶ ባትሪውን ያወጣዋል፤ ሌሊት ልጆች የሚተኙበት ቤት ያለ ማስጠንቀቂያ ያድራል። ለልማዳችን ቦታ ያልሰጠ ሕንጻ ሰውን ወደ አደጋ ይገፋል። ጣሪያ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ የቡና በረንዳ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ይሠራ። ካየኋቸው ማሻሻያዎች ሁሉ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ደስታ የሚሰጠው ይሄ ነው፤ እናቶች ይቀመጡበታል፣ ወሬው ይደምቃል፣ ልጆችም ተጠግተው ያዳምጣሉ።

5. አረጋውያኑን በዓይንሽ ተከተያቸው።

አንድ ቅዳሜ ሌላ ሥራ ተዪና አንዲት ጉልበቷን የሚያማት እናት ከመኪና ወርዳ እስክትተኛ ድረስ የምታልፍበትን ሁሉ ቁጠሪ፦ ጠጠሩ፣ ደረጃው፣ ከባዱ በር፣ ተደራራቢው አልጋ፣ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው ጨለማ መንገድ። ያ ዝርዝር ከማንኛውም አማካሪ ሪፖርት ይበልጥሻል።

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሃይማኖት ድርጅቶችን ከአንዳንድ ግዴታዎች ነጻ ያደርጋል። «ታዲያ እኛን አይመለከተንም» የሚል ይነሣል። የሕንጻ ደንቡ ግን በራሱ መንገድ ይመጣል፤ እሱ ባይመጣ እንኳ የወለዱን እናቶቻችን ናቸው። መለኪያዎቹን ያዢ፦ መወጣጫ ለያንዳንዱ 1 ኢንች ከፍታ 12 ኢንች ርዝመት ይኑረው፣ የበር ክፍተት ቢያንስ 32 ኢንች ይሁን። የመጸዳጃ ቤትና የሻወር መያዣ ብረት 250 ፓውንድ መሸከም አለበት። ለዚህ ደግሞ ድራይዎሉ ከመለጠፉ በፊት ከጀርባው ወፍራም እንጨት ይመታል። ያኔ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ግድግዳው ከተዘጋ በኋላ ግን ማፍረስ ነው። በየመኝታ ቤቱም ዝቅ ያሉ ነጠላ አልጋዎች ለአረጋውያንና ለሚያጠቡ እናቶች ይለዩ።

6. ዝናቡን እንደ አገር ቤቱ አትመልከቺው።

ብዙ ሰው ሲነግሩት አያምንም እንጂ በዓመት ሲደመር አዲስ አበባ ላይ የሚወርደው ዝናብ ከሲያትል ይበልጣል። የአዲስ አበባው በክረምቱ ወራት ዱብ ዱብ ብሎ ይወርዳል፣ ከዚያ ፀሐዩ ያደርቀዋል። የዚህ አገሩ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ ያካፋል፤ እንጨቱ የሚደርቅበት ፋታ የለውም። ስለዚህ እዚያ የምንፈራው ጎርፍና የሚያፈስ ቆርቆሮ ሲሆን እዚህ ቀስ ብሎ የሚበላ እርጥበት ነው። ጣሪያው የዛፍ ሽበት የያዘ፣ መስኮቱ ሥር እንጨቱ በጣት ሲጫን የሚሰረጉድ፣ ሻወር ቤቱ ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት ቤት ውስጡ መታየት አለበት። ለቀለም ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት የጣሪያው ክፈፍ በደንብ ወጣ ይበል፣ አሸንዳው ውሃውን ከመሠረቱ ያርቅ፣ ሻወር ቤቱም እርጥቡን አየር ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማራገቢያ ይኑረው፤ ማራገቢያው ጣሪያው ውስጥ የሚተነፍስ ከሆነ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል።

ጫማችንን አውልቀን የምንጸልይ ሰዎች መሆናችንንም ለአርክቴክቱ ንገሪው፤ በራሱ አያውቀውም። በጸሎት ቤቱ ደጃፍ ጣሪያ ያለው ሰፊ በረንዳ፣ ተቀምጦ ማውለቂያ አግዳሚና የጫማ መደርደሪያ ያስፈልጋል። ያለዚያ መቶ እርጥብ ጫማ በሩ ላይ ተከምሮ መውጫውን ይዘጋል። ይህን ደግሞ የእሳት ተቆጣጣሪው አይወደውም፤ እውነቱንም ነው።

7. ስለ ክፉ ቀን አስቢ።

እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 2001 መጠኑ 6.8 ሆኖ የተለካው የኒስኳሊ የመሬት መንቀጥቀጥ በዚህ አካባቢ ብዙ የጡብ ጭስ ማውጫዎችን ጥሏል። በካምፑ ሁሉም ፎቶ የሚነሣበት የድሮው የድንጋይ ምድጃና ጭስ ማውጫው እንዴት እንደታሰረ መሐንዲስ ይመልከተው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 28 ቀን 2021 ደግሞ በሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ሙቀቱ 108 ፋራናይት ደርሷል፤ በ2020 መስከረም ሰማዩ በሰደድ እሳት ጭስ ተሸፍኖ ሰንብቷል። ቢያንስ አንድ ሰፊ ክፍል የሚቀዘቅዝና አየሩ የሚጣራ ይሁን፤ ሕፃናትና አስም ያለባቸው ወደዚያ ይሰበሰባሉ።

መብራት ሲጠፋ የጉድጓዱ ፓምፕም አብሮ ይቆማል፤ ያለ ውሃ መቶ ሰው ያለበት ግቢ ግማሽ ቀን አይቆይም። በኅዳር 2024 የመጣው ማዕበል መብራት ያጠፋባቸው ቤቶች ብዙ መቶ ሺህ ነበሩ። ጄነሬተር ሲገዛ ከፓምፑ ጀምሮ ይታሰብ፣ መቀየሪያ ስዊቹንም ኤሌክትሪሺያን ይግጠመው። ከሰል ግን ቤት ውስጥ በምንም ምክንያት አይቀጣጠል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 በነበረው ማዕበል መብራት ሲጠፋ ለሙቀትና ለማብሰያ ብለው ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዙ፣ የሞቱም ነበሩ። ብዙዎቹ እንደኛው ከሌላ አገር የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ሲያትል ታይምስ በፊት ገጹ በበርካታ ቋንቋዎች ማስጠንቀቂያ እስከማውጣት ደርሷል። የከሰል ምድጃ እናታችን ቤት የነበረ ነው ብለን የምንደፍረው እኛ ነን፤ የጎጆው ሣር ክዳን ያስተነፍስ ነበር፣ የዚህ አገር ቤት ግን ድፍን ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በየመኝታ ቤቱ ይሰቀል፤ ከሰል ውስጥ እንዳይነድም በበሩ ላይ በአማርኛ ይጻፍ።

8. የመኪና ማቆሚያውን ከማስፋትሽ በፊት ባቡሩን አስቢ።

የኖርዝጌት ባቡር ጣቢያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2021 ከተከፈተ ወዲህ ከሬኒየር ሸለቆ የሚመጡ እናቶች መኪና ሳይነዱ ቤታችን ደጃፍ ይደርሳሉ። በ2024 ደግሞ መስመሩ እስከ ሊንዉድ ደርሷል። ከጣቢያው አጠገብ ሁለት አውቶብስ ተከራይቶ ወደ ካምፑ ማጓጓዝ አንድ ሰፊ አስፋልት ከማንጠፍና ውሃውን ወዴት እንደምታፈሺው ከመጨነቅ ይቀላል። አስፋልት ባፈሰስሽ ቁጥር የዝናቡን ውሃ የምትይዢበት ሌላ ሥራ ይጠየቅሻል።

ይህን ሰፈርሽ ያስተምርሻል። በድሮው የኖርዝጌት የገበያ ማዕከል በስተደቡብ በኩል የመኪና ማቆሚያ የነበረው መሬት ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የቶርንተን ክሪክ የውሃ ማጣሪያ ቦይ ተከፍቷል። ከጎዳናውና ከጣሪያው የሚመጣው ዝናብ በተክሎች መካከል እየዘገየ ይጣራና ወደ ጅረቱ ይሄዳል። ያ ቦታ ስንት ዓመት አከራክሯል! የተፈታው የሰፈሩ ነዋሪዎች፣ አልሚዎቹና ከተማው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ነው። አንድ ቀን በእግርሽ ዞረሽ እዪው፤ የካምፓችሁንም ጎረቤቶች ሥዕሉ ሳያልቅ ቡና ጥሪያቸው። ማኅሌቱና ከበሮው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሰማ አብራችሁ ተነጋገሩ። በፈቃድ ጊዜ ከሚመጣ የተቃውሞ ደብዳቤ ያድንሻል።

9. የሌሎችን ቤት ጎብኚ።

ዌስት ሲያትል ያለው ካምፕ ሎንግ እ.ኤ.አ. በ1941 የተከፈተ የከተማው ካምፕ ነው፤ 10 ትናንሽ የእንጨት ቤቶቹ ዛሬም ሰው ያሳድራሉ። በዲሴፕሽን ፓስ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮርፕስ ወጣቶች የሠሯቸው የድንጋይና የእንጨት ቤቶች ቆመዋል፤ እዚያው ለቡድን የሚከራየውን የኮርኔት ቤይ ማረፊያም እዪ። በሁድ ካናል ዳር ደግሞ ሲቤክ የተባለው የቡድን ማረፊያ አለ። ስትሄጂ የቢሮውን ኃላፊ ብቻ አታነጋግሪ፤ የጥገና ሠራተኛውን «እንደገና ብትሠራው ምኑን ትቀይራለህ?» ብለሽ ጠይቂው።

አገር ቤት ስትሄጂም በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ መቋት ማርያምን እዪ። ቴስፋ በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ የተሠሩት ማረፊያ ጎጆዎች የአካባቢው ሰው በሚያውቀው አሠራር በድንጋይና በሣር ክዳን የቆሙ ናቸው፤ የሚያስተዳድሯቸውም መንደርተኞቹ ናቸው። ሲያረጁ የሚጠግናቸው እዚያው አለ። ለካምፓችሁ የሚገዛውን ዕቃ ሁሉ በዚህ መዝኚው፦ ሲበላሽ ጠባቂው በአካባቢው መለዋወጫ አግኝቶ ሊጠግነው ይችላል? ከሩቅ አገር የሚመጣ ልዩ ቧንቧ ለዓይን ያምራል፣ ሐምሌ ላይ መቶ ልጅ ባለበት ቀን ሲያፈስ ግን ወዴት ትደውያለሽ?

10. በቃል የተገባ ገንዘብ ገና ገንዘብ አይደለም።

በገንዘብ ማሰባሰቢያ ራት ላይ ጭብጨባው ሲሞቅ እጅ ይወጣል፤ ሰው ዋሽቶም አይደለም፣ ኋላ ሕይወት ይይዘዋል። ውል የምትፈራረሙት ባንክ በገባው ልክ ይሁን። የዕድር መዝገብ ያዥ እንደሚያደርገው ቃሉ በአንድ ዓምድ፣ የገባው በሌላ ዓምድ ይጻፍ፣ በየወሩም ለሁሉ ይነበብ። በዋሽንግተን ግዛት በግንባታ ላይ የሽያጭ ታክስ በጉልበት ዋጋውም ጭምር እንደሚከፈል፣ ቤተ ክርስቲያን መሆንም ከዚህ እንደማያድን ብዙ ሰው አያውቅም። እንደ አካባቢው ከ8 እስከ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ በ500,000 ዶላር ሥራ ላይ 40,000 ወይም 50,000 ዶላር ከየት ይምጣ? ከመጀመሪያው ጻፊው። ግድግዳ ሲከፈት ለሚገኘው ብስባሽ ደግሞ ቢያንስ አሥር በመቶ መጠባበቂያ ያዢ።

ኮንትራክተሩ የኛው ሰው ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ግን ምዝገባው፣ ዋስትናውና ኢንሹራንሱ በግዛቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ይታይ። አሮጌ ቤት ከመነካቱ በፊት የአስቤስቶስ ምርመራ ይደረግ፤ ሕጉም ይጠይቃል፣ በደቦ የሚሠሩት ልጆች ሳንባም ይጠይቃል። ደቦው ራሱ ትልቅ ሀብት ነው። ቀለም መቀባት፣ መንገድ መጥረግ፣ አግዳሚ መሥራት ለደቦ ይተው። ኤሌክትሪክ፣ ፍሳሽና ጣሪያ ግን የባለ ፈቃድ ሥራ ነው፤ «እኔ እሠራዋለሁ» የሚለውን ደግ ወንድም በአክብሮት እምቢ በይው።

11. በዚህ ቅደም ተከተል ተጓዢ።

መጀመሪያ ምርመራው፦ ታንኩ፣ ጉድጓዱ፣ ፓነሉ፣ ጣሪያው፣ ጭስ ማውጫው። ቀጥሎ ሕይወትን የሚነኩት ጥገናዎች። ከዚያ ወጥ ቤቱ፣ መጸዳጃ ቤቶቹና የአረጋውያኑ ክፍሎች። አዳራሹ ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ ያን ጊዜ ስንት ሰው እንደሚይዝ በእርግጠኝነት ትናገሪያለሽ። ቁፋሮና ጣሪያ ሥራ በደረቁ ወራት ይሁን ሲባል እነዚያው ወራት ልጆቹ የሚመጡበት ስለሆኑ ከአሁኑ የትኛው በጋ ለግንባታ እንደሚለቀቅ ወስናችሁ ለወላጆች አስታውቁ።

የታንኩን ሥዕል ከካውንቲው ስታገኚ ቅጂውን አምጪልኝ። ኖርዝጌት ቤተ መጻሕፍት አንድ ጠረጴዛ ይዘን ካንቺና ከጠባቂው ጋር እናየዋለን፤ የምጣዶቹን ቁጥርም ከእናቶች ጠይቀሽ ይዘሽ ነይ።